ሽቦውን እየተረተረ የሚበረው ሚሳኤል

ጥያቄው፦ «አባቴ በደርግ ዘመን የሜካናይዝድ ጦር ባልደረባ ነበር። ከኋላው ሽቦ እየጎተተ ሦስት ኪሎ ሜትር ሄዶ ታንክ የሚመታ ሚሳኤል አይቻለሁ፣ ተኳሹም እንደ መኪና በመሪ ይነዳው ነበር ይለናል። ከዚያ የቀረች ናት የሚላት ስንዝር የምታህል ቀጭን ሽቦም ሳጥኑ ውስጥ አለች። እኛ ልጆቹ ግን እየሳቅን ነው የምንሰማው። ሽቦው እንዴት አይበጠስም? ታንኩስ ቆሞ ይጠብቀዋል? ደግሞስ በድሮን ዘመን እንዲህ ያለ መሣሪያ ምን ይሠራል?»

አባትዎ እውነታቸውን ነው፤ ይቅርታ ቢጠይቋቸው መልካም ነው። ያዩት ሚሳኤል ማልዩትካ ይባላል። ከሶቪየት ኅብረት ከመጡልን ብረት ለበሶች አንዱ የሆነው ቢኤምፒ-1 ከ73 ሚሊ ሜትር መድፉ በላይ ባለች ሐዲድ ላይ ይህንኑ ሚሳኤል ይሸከማል፤ በእግረኛ ጀርባ የሚጓጓዝ ዓይነትም አለው። እኔ በወጣትነቴ የዚህን መሣሪያ የማሠልጠኛ ማስመሰያ ስጠግን ዓመታት ስለ ቆየሁ አሳምሬ አውቀዋለሁ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሲነግሩኝ የሳቅሁትን ሳቅም አልረሳሁትም።

በጥያቄዎ ውስጥ ግን አንዲት ቃል መታረም አለባት። ሚሳኤሉ ሽቦ አይጎትትም። አያትዎ የፈተሉትን ልቃቂት ያስቡ። የክሩን ጫፍ በር ላይ አስረው ልቃቂቱን በእጅዎ ይዘው ቢሮጡ፣ ክሩ ከእጅዎ እየተፈታ ከኋላዎ መሬት ላይ ይተኛል እንጂ አይወጠርም። ልቃቂቱን በር ላይ ትተው የክሩን ጫፍ ይዘው ቢሮጡ ግን እስካሁን የተፈታውን ክር በሙሉ እየሳቡ ነው የሚሄዱት፤ ድንጋይና እሾህ ይይዘዋል፣ መቶ እርምጃ ሳይርቁም ይበጠሳል። ማልዩትካ የሚያደርገው የመጀመሪያውን ነው። ጥቅልሉ ያለው በሚሳኤሉ ውስጥ ነው፤ ጫፉ ተኳሹ ዘንድ ቀርቷል። ሚሳኤሉ በሰከንድ ወደ 115 ሜትር ሲበር ሽቦው በዚያው ፍጥነት ይተረተራል፤ አንዴ ከጥቅልሉ የወጣው ግን ባለበት አየር ላይ ቀርቶ በዝግታ ወደ መሬት ይወርዳል። የሚጎትተው ስለሌለ የሚበጥሰውም የለም ማለት ይቻላል።

«ማለት ይቻላል» ያልሁት ሽቦው ጠላት ስላለው ነው። ዛፍ፣ አጥር፣ ከሁሉም በላይ የኤሌክትሪክ መስመር ያውከዋል። ውሃም አይስማማውም፤ ቶው የተባለው የአሜሪካኖቹ ሚሳኤል ሰፋ ካለ ውሃ በላይ ሲተኮስ ርቀቱ ይገደባል፣ ምክንያቱም ሽቦው ውሃ ላይ ሲያርፍ በውስጡ የሚሄደው ምልክት ይበላሻል። ሽቦው ከተቋረጠ ሚሳኤሉ ባለቤት የሌለው ድንጋይ ይሆናል።

ታዲያ ይህን ሁሉ ጣጣ ከሚሸከሙ በሬዲዮ ለምን አልመሩትም? መልሱ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ይጀምራል። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ጀርመኖች በመስከረም 1943 በሬዲዮ የሚመራ ፍሪትዝ ኤክስ የተባለ ቦምብ ከአውሮፕላን ለቅቀው ሮማ የተባለችውን የጣልያን የጦር መርከብ አሰጠሟት። ብዙም ሳይቆይ ተቃራኒዎቻቸው በዚያው የሬዲዮ ሞገድ ላይ ሁከት የሚለቅ መሣሪያ ሠርተው መርከቦቻቸው ላይ ጫኑ። በሽቦ ውስጥ የሚያልፍን ትእዛዝ ግን ማንም ከሩቅ ሆኖ ሊያውከው አይችልም። ጀርመኖቹ በጦርነቱ ማብቂያ ኤክስ-7 የሚባል በሽቦ የሚመራ ፀረ ታንክ ሚሳኤል ሠርተው ነበር፤ ለቁም ነገር ሳይበቃ ጦርነቱ አለቀ። ሐሳቡን ፈረንሳዮች አንሥተው ኤስኤስ-10ን በ1950ዎቹ አጋማሽ ለጦራቸው አስታጠቁ። ሶቪየቶች መጀመሪያ ሽሜል የተባለ ከባድ ዓይነት ሠሩ፤ ከዚያ በ1963 ማልዩትካን ተቀበሉ። ስሙ በሩሲያኛ «ሕፃኗ» እንደማለት ነው። የተሠራው ኮሎምና በምትባለው ከተማ ሲሆን ከዋነኞቹ ነዳፊዎቹ አንዱ ሰርጌይ ኔፖቤዲሚ ይባላሉ። የቤተሰብ ስማቸው ትርጉሙ «የማይሸነፍ» ነው፤ ለመሣሪያ ነዳፊ ከዚህ የተሻለ ስም ቢፈለግም አይገኝ።

ሕፃኗ የተባለችው በክብደቷ ነው። ሚሳኤሉ 11 ኪሎ ግራም እንኳ አይሞላም፤ ርዝመቱ 86 ሴንቲ ሜትር ነው። የእግረኛው ዓይነት በሻንጣ ይያዛል፤ መንገደኛ የሚይዘውን የሚመስል ጠንካራ ሻንጣ ነው። ሲከፈት ክዳኑ ራሱ የማስወንጨፊያው መቆሚያ ይሆናል። ምድቡ ሦስት ሰው ነው፤ ሁለቱ ሻንጣ ሻንጣቸውን ያዝላሉ፣ ተኳሹ መቆጣጠሪያ ሳጥኑንና አርፒጂ-7 ይይዛል። አርፒጂው ለጌጥ አይደለም። ማልዩትካ ከ500 ሜትር በታች ለቀረበ ታንክ አይሆንም፣ ምክንያቱም ተኳሹ የተወነጨፈውን ሚሳኤል በመነጽሩ ውስጥ አግኝቶ መስመር እስኪያስይዘው ድረስ ያን ያህል ርቀት አልፏል። ያ ክፍተት በሌላ መሣሪያ መሸፈን ነበረበት። ሌላው ብልሃት ደግሞ ተኳሹ ከማስወንጨፊያው እስከ 15 ሜትር ርቆ መቀመጥ መቻሉ ነው። ጢሱን አይቶ የሚተኩስ ጠላት ባዶ ሻንጣ ይመታል፤ ሰውዬው ከጎን ባለ ቁጥቋጦ ሥር መሪውን ይዞ ሥራውን ይቀጥላል።

አሁን ወደ «መኪና መሪ» እንምጣ፤ የነገሩ ሁሉ እምብርት እዚህ ላይ ነው። ማልዩትካ ሲወነጨፍ ጅራቱ ላይ ደማቅ ብልጭታ ይበራል። ተኳሹ ስምንት እጥፍ በሚያቀርበው መነጽሩ ያን ብልጭታም ታንኩንም አብሮ ያያል፤ በእጁ ባለች ትንሽ ዘንግ ብልጭታውን ወደ ታንኩ እየገፋ አንድ ላይ ያገናኛቸዋል። በቃል ሲነገር የልጆች ጨዋታ ይመስላል። እኔ ከምጠግነው ማስመሰያ ፊት የተቀመጠ ሠልጣኝ ሁሉ በመጀመሪያው ቀን ሚሳኤሉን ወይ መሬት ይከተዋል ወይ ሰማይ ይሰደዋል። በጣም የሚያስቸግሩኝ ደግሞ ሾፌሮች ነበሩ። መኪና መሪው እንደ ተጠመዘዘ ቆይቶ ይዞራል፤ እዚህ ግን ዘንጓን ወደ ቀኝ ገፍተህ ከቆየህ ሚሳኤሉ ወደ ቀኝ መሄዱን እየባሰበት ይቀጥላል። ዒላማው ጋ ሲደርስ ለመመለስ ዘንጓን ወደ ግራ ትጥላለህ፤ አሁን ደግሞ ወደ ግራ ያልፋል። ብስክሌት የሚለምድ ልጅ ቁልቁለት ላይ መሪውን ወዲያና ወዲህ ሲያወናጭፍ ታውቁታላችሁ፣ ልክ እንደዚያ። የሚሳካለት ዘንጓን እንደ ትኩስ ፍም ነካ አድርጎ የሚለቅ ሰው ነው። ሠልጣኞቹን የምላቸው አንድ ነገር ነበር፦ «አትንዳው፣ ምከረው።»

ለዚህ ነው ሥልጠናው ማለቂያ የሌለው። አንድ ተኳሽ ብቁ እስኪሆን 2,300 ያህል ጊዜ በማስመሰያ መተኮስ እንደሚያስፈልገው በብዙ ቦታ ይጠቀሳል፤ ከዚያም ሙያው እንዳይጠፋ በየሳምንቱ ልምምድ አለ። እጅ ይረሳል። ሦስት ሳምንት እረፍት ወጥቶ የተመለሰ ጎበዝ ተኳሽ ከጀማሪ ሳይሻል አይቻለሁ።

በዚያ ላይ ጊዜውን ያስሉት። 3,000 ሜትር በሰከንድ 115 ሜትር ሲካፈል ወደ 26 ሰከንድ ይመጣል። ተነሡና ሰዓት ይዘው 26 ሰከንድ ቆመው ይጠብቁ፤ ምን ያህል ረጅም እንደ ሆነ ያዩታል። ይህን ሁሉ ጊዜ ተኳሹ ዓይኑን ሳይነቅል፣ እጁ ሳይንቀጠቀጥ መቆየት አለበት፣ አንድ ሰው በመትረየስ እየተኮሰበትም ቢሆን።

«ታንኩ ቆሞ ይጠብቀዋል?» ላሉት ጥያቄ ከጥቅምት 1973 የተሻለ መልስ የለም፤ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 26 ቀን 1966 ግብጾች የስዊዝ ቦይን የተሻገሩበት ቀን ነው። ቀደም ሲል በምዕራቡ ዳርቻ ከፍተኛ የአሸዋ ክምር ገንብተው ነበር። ከዚያ አናት ላይ ታንክና ሚሳኤል ምሥራቁን ዳርቻ ቁልቁል ይመለከቱታል፤ ከፊታቸው ዛፍም አጥርም የሌለበት ሜዳማ በረሃ ነው። ለባለ ሽቦ ሚሳኤል ከዚህ የተሻለ መሬት አይሠራም። ቦዩን በጎማ ጀልባ የተሻገረው እግረኛም ማልዩትካና አርፒጂ-7 ታጥቆ ከታንኮቹ ቀድሞ አሸዋው ውስጥ ተቀብሮ ጠበቀ። የእስራኤል ታንከኞች በ1967ቱ ጦርነት እንደ ለመዱት ያለ እግረኛና ያለ በቂ መድፍ ሽፋን በፍጥነት ወደ ቦዩ ገሰገሱ። ግንባሩን ይጠብቅ የነበረው ክፍለ ጦር በማግሥቱ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ታንኮቹ ከጥቅም ውጭ ሆነው አደሩ። ከግብጽ በኩል መሐመድ አብደል አጢ የተባለው ሳጅን 23 ታንክ እንደ መታ ተመዝግቦለት በአገሩ «ታንክ አዳኙ» እየተባለ ኖሯል።

እዚህ ላይ ግን ላስጠነቅቅ። ያን ጊዜ «ታንክ አበቃለት» ያሉ ጋዜጦች ብዙ ነበሩ፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ታንኮቹን የፈጀው ሚሳኤሉ ብቻ አልነበረም፤ በቅርብ ርቀት አርፒጂ፣ በሩቅ የታንክ መድፍ፣ ከሁሉም በላይ ብቻቸውን የመላካቸው ስህተት ነበር። የማልዩትካ ዝና ከድርሻው በልጧል። ምስክሩም በሳምንት ውስጥ የታየው ለውጥ ነው። የእስራኤል ታንከኞች ደካማውን ቦታ አገኙት፤ ደካማው ሽቦው ሳይሆን ሰውዬው ነበር። ከታንኮቹ አንዱ ወይም ሁለቱ አድማሱን ብቻ እንዲጠብቁ ተመደቡ። ብናኝና ጢስ ቡፍ ሲል፣ ወይም ያቺ ቀይ ብልጭታ ስትታይ፣ በሬዲዮ ይጮሃሉ። የቀሩት ወዲያው ወዲያና ወዲህ ይንቀሳቀሳሉ፣ አቧራ ያስነሣሉ፣ ጉብታ ካለ ከኋላው ይገባሉ፤ ሁሉም ተኳሹ አለበት ወደሚባለው ቁጥቋጦ መትረየስ ይረጫሉ። መምታት አይጠበቅባቸውም። ሰውዬው አንገቱን አንዴ ከደፋ ሚሳኤሉ መሬት ገብቷል። 26 ሰከንድ ለዚህ ሁሉ ይበቃል።

በነገራችን ላይ፣ ይህን የሚያክል ቀርፋፋ ነገር የታንክን ብረት እንዴት ይበሳል የሚሉኝም አሉ። የመድፍ ጥይት በፍጥነቱ ይበሳል፤ ማልዩትካ ግን ፍጥነት አያስፈልገውም። ጉልበቱ ያለው ከአፍንጫው ኋላ ባለው ፈንጂ ነው፤ ሲፈነዳ በውስጡ ያለውን የብረት ሾጣጣ ወደ ቀጭን ጦር ይለውጠውና በሰከንድ ኪሎ ሜትሮች በሚደርስ ፍጥነት ወደ ፊት ይወረውረዋል። ብረቱን «ያቀልጠዋል» የሚባለው ተረት ነው፤ በግፊት ነው የሚበሳው። የማልዩትካ የመጀመሪያው ዓይነት 400 ሚሊ ሜትር ያህል ብረት ይበሳ ነበር፤ ለ1973 ታንክ ከበቂ በላይ ነው።

ነዳፊዎቹም ቢሆኑ ሰውዬው የሰንሰለቱ ደካማ ቀለበት መሆኑን ያውቁ ነበር። ስለዚህ ሽቦውን እንዳለ ትተው እጁን ቀየሩ። አሜሪካኖች በ1970 ለጦራቸው ያደሉት ቶው፣ ፈረንሳይና ጀርመን በጋራ የሠሩት ሚላን፣ ሶቪየቶች ራሳቸው በኋላ ያወጡት ማልዩትካ-ፒ፣ ፋጎትና ኮንኩርስ ሁሉም ባለ ሽቦ ናቸው። ልዩነቱ ተኳሹ ሚሳኤሉን እንዲረሳው መደረጉ ነው። እርሱ የመነጽሩን መስቀል ታንኩ ላይ ብቻ ያኖራል። የሚሳኤሉን የጅራት ብርሃን ሌላ ዓይን ይከታተለዋል፤ ብርሃኑ ከመስቀሉ ምን ያህል እንደ ራቀ ይለካና ትእዛዙን በሽቦው ይልካል። 2,300 ልምምድ ቀረ። ቶው ደግሞ ፈጣን ነው፤ 3,000 ሜትሩን በ15 ሰከንድ ገደማ ይጨርሳል፤ ከ65 ሜትር ጀምሮ እስከ 3,750 ሜትር ይሠራል። የሚያስገርመው ግን ሁለቱ ትውልዶች በአንድ ጦርነት፣ በአንድ ሰሞን መታየታቸው ነው፦ በሚያዝያ 1972 ሰሜን ቬትናሞች ዶንግ ሃ አካባቢ ማልዩትካን ተኮሱ፤ በወሩ አሜሪካኖች ከሄሊኮፕተር ቶውን ለቀቁ።

ከአፍሪካ ምሳሌ ካስፈለገ ቻድ አለች። በጥር 1987 መጀመሪያ ፋዳ በምትባለው የበረሃ ከተማ የቻዱ አዛዥ የሐሰን ጃሙስ ተዋጊዎች በቶዮታ ፒክአፕ ላይ ሚላን ጭነው የሊቢያን ጦር ከየአቅጣጫው አጠቁት። ሊቢያ በዚያ ውጊያ 92 ቲ-55 ታንኮች አጣች። ታሪኩ «የቶዮታ ጦርነት» የተባለው ስለ መኪናው ቢሆንም፣ ታንክ የመታው ቶዮታው አይደለም። መኪናው ሚሳኤሉን ያለ ከባድ ተሽከርካሪ ታንኩ ከማይጠብቀው ጎን አደረሰው፤ ተኩሶ እስኪመታ ያሉትን ጥቂት ሰከንዶች ብቻ ይቆማል፣ ከዚያ ይሸሻል።

የዚህ ትውልድ ድክመትም ሽቦው አይደለም። ሚሳኤሉን የሚከታተለው ዓይን በብርሃን ይመራል፤ ብርሃን ደግሞ ይዋሻል። ሩሲያውያን ከቲ-90 ታንክ ፊት የሰቀሏቸው ሁለት ቀያይ መብራቶች ሥራቸው ይኸው ነው፦ የሚሳኤሉን የጅራት ብርሃን አስመስለው ዓይኑን ያሳስታሉ። ትእዛዙ በሽቦው ውስጥ ንጹሕ ሆኖ ይደርሳል፤ የተሳሳተው ትእዛዙ ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሽቦው ያረጀ መሰለ። የሩሲያው ኮርኔት በሌዘር ጨረር ላይ ተሳፍሮ ይሄዳል፤ የአሜሪካኖቹ ጃቭሊን ዒላማውን ራሱ ይከታተላል፣ ተኳሹ ተኩሶ መሸሽ ይችላል። ቶው ራሱ በአዲሶቹ ዓይነቶቹ ሽቦውን በሬዲዮ ተካ። እኔም በጡረታዬ ዋዜማ ለተማሪዎቼ «ይህ ለሙዚየም ነው» ብያቸው ነበር። ተሳሳትሁ።

በዩክሬን ጦርነት ትናንሾቹ ፈንጂ ተሸካሚ ድሮኖች በሬዲዮ ይመሩ ነበር፤ ሁለቱም ወገን ሬዲዮውን ማወክ ሲማር ድሮኖቹ ዒላማቸው ሳይደርሱ ይወድቁ ጀመር። የ1943ቱ ታሪክ ተደገመ ማለት ነው፤ መልሱም ያው ሆነ። ከ2024 ጀምሮ ከኋላቸው የመስታወት ክር፣ ማለትም ኢንተርኔት የሚያመጣልንን ፋይበር፣ እየተረተሩ የሚበሩ ድሮኖች ወጡ። ጥቅልሉ ድሮኑ ሥር ነው፤ ጫፉ አብራሪው ዘንድ ይቀራል፤ ልቃቂቱን ይዞ መሮጥ እንዳልነው። ርቀቱ ግን ሦስት ኪሎ ሜትር መሆኑ ቀርቶ አሥርና ሃያ ኪሎ ሜትር ሆኗል፤ በክሩ ውስጥም ትእዛዝ ሲሄድ ጥርት ያለ ምስል ይመለሳል። የእስራኤሉ ስፓይክ ሚሳኤል ይህን ፋይበር ከብዙ ዓመት በፊት ጀምሮ ይጠቀምበታል፤ አዲሱ ነገር መርከሱና መብዛቱ ነው። በምሥራቅ ዩክሬን ማለዳ ፀሐይ ስትወጣ እርሻው ሁሉ የሸረሪት ድር የለበሰ መስሎ ያብለጨልጫል። ስለዚህ «በድሮን ዘመን ምን ይሠራል?» ላሉት፣ ከማልዩትካ የቀረው ዋናው ነገር ሽቦዋ ነው፤ አሁን የሚያበርሩት ድሮኖቹ ናቸው።

ወደ አባትዎ ሳጥን ልመለስ። ከተኩስ ልምምድ በኋላ ሜዳው ላይ ኪሎ ሜትሮች የሚሆን ሽቦ ተጋድሞ ይቀር ነበር፤ የአካባቢው እረኞች እየጠቀለሉ ወስደው የጅራፍ ጫፍ ሲያስሩበት አይቻለሁ። ወታደሩም ለመታሰቢያ ይቆርጥ ነበር። ሳጥኑ ውስጥ ከሽቦዋ ሌላ የሚሳኤል አካል የሚመስል ነገር ካለ እንዳይነኩት፣ ለፖሊስ ያሳውቁ። ሽቦዋ ብቻ ከሆነች ግን አባትዎን አስፈቅደው ጫፏን በምላጭ ቆረጥ ያድርጉና በማጉያ መነጽር ይዩት። ከመሸፈኛው ውስጥ የተገመዱ ሦስት የመዳብ ክሮች ካገኙ የማልዩትካ ናት።